ይድረስ ለክቡር ሞንታርቦ፣ ጅማ መርካቶ፣ ሱቁ በር ላይ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎን አልጠይቅም። ከማለዳ ጀምሮ ደህና መሆንዎን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

አቀማመጥዎ ያስቀናል። ፊትዎን ወደ መንገዱ፣ ጀርባዎን ወደ ባለሱቁ። ብልጥ ሰው ነው። «ታላቅ ቅናሽ!» ሲሉ ይውላሉ፤ እስካሁን የቀነሰ ነገር ቢኖር የእኛ ትዕግስት ነው።

ደግነቱ እርስዎን የሚወቅስ የለም። እርስ በርሳችን ነው የምንናከሰው። ገዢው እንዲሰማ ብሎ ይጮሃል። ሻጯ የሰደባት ይመስላትና አጸፋውን ትመልሳለች። ገላጋዩም እየጮኸ ይገባል፣ እሱም ሦስተኛ ጠበኛ ይሆናል። ባለባጃጁን «ፈረንጅ አራዳ ሰፈር አድርሰኝ» ብለው ወደ ቆጪ ሰፈር አዞረኝ፤ ተኮራርፈን ተለያየን። ከዚያ «የዘንድሮ ሰው ምን ነካው?» እንባባላለን።

ማቲውስና ካነን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተሙት ጥናት አለ። ክንዱ በጀሶ የታሰረ ሰው መንገድ ላይ መጻሕፍት እንዲጥል አደረጉ። አካባቢው ጸጥ ሲል ከ100 አላፊ አግዳሚ 80ው ጎንበስ ብሎ አነሳለት። አጠገቡ የሣር ማጨጃ ሞተር ሲጮህ ግን 15ቱ ብቻ። የሣር ማጨጃ! ከእርስዎ ጋር ሲተያይ እኮ ገና ጨቅላ ነው። ባለፈው እፊትዎ የአንዲት እናት ብርቱካን ሲበተን ተራምደነው ያለፍነው ክፉ ሆነን አይደለም ማለት ነው። (ትንሽ ክፉም ሳንሆን አንቀርም።)

ግላስና ሲንገር የተባሉት ደግሞ ሰዎችን ጫጫታ ውስጥ አስቀመጡ። ለአንዳንዶቹ ብቻ «ከባሰባችሁ ተጫኑት» ብለው ማጥፊያ ሰጡ። አብዛኞቹ አልነኩትም። ሆኖም ጫጫታው ካበቃ በኋላ አስቸጋሪ እንቆቅልሽ ሲሰጣቸው፣ ማጥፊያ ያልነበራቸው ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ማጥፊያ የነበራቸው ግን ታገሉት።

የእኛ ማጥፊያ መብራት መጥፋቱ ነበር። እሱንም ጄነሬተሩ ቀማን። አዌቱ ዳር ወርጄ ወንዙን ላዳምጥ ብል እዚያም እርስዎ ደርሰዋል።

ስለዚህ ዝም ይበሉ አንልም። ማጥፊያዎን ብቻ ወደ መንገዱ ያዙሩልን። አንነካውም፣ እንምላለን። ጎረቤትዎ ልብስ ሰፊው ግን ለመማል ፈቃደኛ አይደሉም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጆሮው የቀረ ደንበኛ

ግልባጭ፦
ትይዩ ላለው ሞንታርቦ፣ ይህን ስጽፍ እርስዎን ለመብለጥ ድምጹን ለጨመረው