«ምን ያስቸኩላል?» ይሉናል

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ አንዲት እናት ደውላ፣ ዳውን ሲንድረም ያለባትን የ8 ወር ልጇን የት ብትወስዳት እንደሚሻል ጠየቀች። በእንግድነት የተጋበዙት የትምህርት ኃላፊ መለሱላት፦ «ሰባት ዓመት ሲሞላት ልዩ ፍላጎት ክፍል ትገባለች። እስከዚያ ምን ያስቸኩላል? ልጅ በራሱ ጊዜ ያድጋል።»

የልብ ክፍተትም በራሱ ጊዜ ይደፈናል ማለታቸው ይሆን? ዳውን ሲንድረም ይዘው ከሚወለዱት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር አለባቸው። ከባዱ ዓይነት ክፍተት በጊዜ ካልተጠገነ ግፊቱ የሳንባን ደም ሥር ያበላሽና ኋላ ቀዶ ሐኪሙም እጁን ይሰበስባል። በሰባት ዓመቷ ክፍል የምትገባው እንግዲህ ከተረፈች ነው።

ጆሮም አለ። የእነዚህ ልጆች ጆሮ ቶሎ ፈሳሽ ይቋጥራል፤ ድምፅ ይታፈንባቸዋል። ያልሰማ ልጅ ቃል ከየት አምጥቶ ይናገር? እኛ ግን «አይገባውም» ብለን ጓዳ እናስቀምጠዋለን። የታይሮይድ ዕጢ ሲሰንፍም እንዲሁ ነው፤ በደም ምርመራ ታውቆ በኪኒን የሚስተካከለው መፍዘዝ «ተፈጥሮዋ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

«በጀት የለም» ይላሉ ደግሞ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ጥቂት መሆኑን አልክድም። ግን ጋቢ ጠቅልሎ ደረቷ ሥር አድርጎ ሕፃኗን በሆዷ ማስተኛት፣ አንገቷን ቀና እንድታደርግ በአሻንጉሊት ማባበል ስንት ብር ይፈጃል? የጠፋው ለእናትየዋ የሚያሳያት ሰው ነው። መንግሥት ሲፈልግ መቸኮል ያውቅበታል! ለክትባት በ45ኛው ቀን ይጠራናል፤ በ10ኛው ሳምንት ይደግማል፣ በ14ኛው ይሠልሳል፤ ያውም ቀኑን ካርድ ላይ ጽፎ። እናት ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ በር ላይ ከተሰለፈች፣ ጤና ጣቢያዋ የሕፃኗን ልብ ለማዳመጥና ሁለት እንቅስቃሴ ለማሳየት የሰባት ዓመት ቀጠሮ የምትሰጠው ለምንድን ነው?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው አማካይ ዕድሜ 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ ወደ 60 ደርሷል። ክሮሞዞሙ ያው 47 ነው፤ ከሌላው ሰው በአንድ ይበልጣል። ሐኪሞቹ ግን «ምን ያስቸኩላል» ማለቱን ትተዋል።

የእኛዎቹ ኃላፊዎች መጋቢት 12፣ የዓለም ዳውን ሲንድረም ቀን ሲደርስ፣ የቀኑ ምልክት የሆነውን ግራና ቀኙ የማይገጥም ካልሲ አጥልቀው ፎቶ ይነሳሉ። ለእሱ አንድም ዓመት አርፍደው አያውቁም።

እናትየዋ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ልጅቷ በሚቀጥለው ወር 9 ወር ይሞላታልና ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ደረቷን የሚያዳምጥላት ካለ እናያለን።