የሙዝ መርከብ ያዛመዳቸው ማድቤቶች

በኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ በቱሌን ጎዳና፣ ከሆስፒታሎቹና ከፍርድ ቤቱ ብዙም በማይርቅ ባዶ ቦታ ላይ እኩለ ቀን ሲቃረብ አንዲት ነጭ የምግብ መኪና ትቆማለች። በመስኮቷ አጠገብ የተሰቀለው የምግብ ዝርዝር ለእንግዳ ሰው ግር የሚያሰኝ ነው። ባሌያዳ የሚባለው የሆንዱራስ የስንዴ ቂጣ፣ በአገሩ ቀይ ባቄላ፣ አይብና ቅባት የሚጠቀለልበት፣ እዚህ ክሪዮል በሚባሉት፣ የፈረንሳይ፣ የስፔንና የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው የከተማዋ ነባር ነዋሪዎች የሽሪምፕ ወጥ ተሞልቶ ይሸጣል፤ ጋምቦ የሚባለው የሉዊዚያና ወፍራም ሾርባ የኮኮናት ወተት ይጨመርበታል፤ የተጠበሰ ዶሮም በቀጭኑ ተቆርጦ በተጠበሰ ያልበሰለ ሙዝ ላይ ተደርጎ፣ የተከተፈ ጥቅል ጎመን ተነስንሶበት ይቀርባል። ባለመኪናዋ የሆንዱራሱ የላ ሴይባ ወደብ ተወላጅ ናት፤ ባሏ ደግሞ ሰባተኛው ቀበሌ ከሚባለው የቆየ የክሪዮሎች ሰፈር የተወለደ ነው።

ባለፈው ዓመት ከሂዩስተን ሊጠይቀኝ የመጣ አንድ ወዳጄን እዚያ ምሳ ልጋብዘው ወስጄው ነበር። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦ ሲያበቃ ውሃ ብቻ ገዛና፣ «የሁለት አገር ምግብ ሲደባለቅ የማንም አይሆንም፤ ይሄ ለቱሪስት የተፈለሰፈ ነው» አለኝ። ብዙዎቻችን በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች እንዲህ ዓይነት ፍርድ እንደምንወድ አውቃለሁ፤ ዶሮ ወጥ ከአባቶቻችን እንደተረከብነው ታቦት ሁሉ ማንም እንዳይነካው ዘብ እንቆማለን። ወዳጄ የቆመበት ከተማ ግን ለዚህ ፍርድ የሚመች አልነበረም።

የሆንዱራስንና የኒው ኦርሊንስን ማድቤት ያዛመደው ሙዝ ነው። የሲሲሊ ዝርያ ያላቸው የኒው ኦርሊንስ ነጋዴዎች፣ የቫካሮ ወንድማማቾች፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከላ ሴይባ ሙዝ በመርከብ እየጫኑ ማምጣት ጀመሩ፤ ኩባንያቸውም በኋላ ስታንዳርድ ፍሩት ተባለ። ሌላው የሙዝ ነጋዴ ሳሙኤል ዘሙራይ ደግሞ የሆንዱራስ መንግሥት ለንግዱ አልመች ሲለው፣ ከሥልጣን ወርደው የነበሩትን ማኑኤል ቦኒያን ሊ ክሪስማስ ከተባለ ቅጥረኛ ተዋጊ ጋር በመርከብና በገንዘብ ደግፎ እ.ኤ.አ. በ1910 መጨረሻ ከዚሁ ከኒው ኦርሊንስ አስነሣቸው፤ ቦኒያም በ1912 ፕሬዚዳንት ሆኑ። በቅሎ ጋሪ የሚጎተትበት ከተማ ውስጥ ሆኖ የሌላ አገር መንግሥት መገልበጥ ይቻል ነበር ማለት ነው፤ ያውም ለፍራፍሬ ሲባል።

ሙዙ በመጣበት መርከብ ሰውም መጣ፤ ሆንዱራሳውያን በከተማዋና በጎረቤቷ በኬነር መኖር ከጀመሩ ትውልዶች ተቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ካወደመ በኋላ፣ በ2005 ደግሞ ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ካጥለቀለቀች በኋላ፣ ቤት የሚጠግኑ እጆች ሲፈለጉ ሌሎች ተጨመሩ። እነዚያን ሠራተኞች የሚመግቡት መኪኖችም አብረው በዙ። ለቤቱ ጥገና የተፈለጉት ሰዎች ምሳቸው ግን አልተፈለገም፤ ጎረቤቱ የጄፈርሰን አስተዳደር በ2007 ባወጣው ደንብ እነዚህን መኪኖች ከመንገዱ አስወጣቸው። ኒው ኦርሊንስ ራሷ ደንቧን ያላላችው በ2013 ነው። አዲስ አበባ ላይ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ የሸቀጧን ሸራ ጠቅልላ የምትሮጠውን ሴት ያየ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ሙዙ ራሱ በዚህች ከተማ የገጠመው ዕጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ብሬናንስ የተባለው ምግብ ቤት የበሰለ ሙዝ በቅቤ፣ በስኳርና በሮም አረቄ አብስሎ፣ እሳት ለኩሶበት ከአይስክሬም ጋር ማቅረብ ጀመረ፤ ባናናስ ፎስተር የሚባለው ይህ ጣፋጭ እስከ ዛሬ የከተማዋ መታወቂያ ነው። ሙዙን የተከለውና የቆረጠው ሰው ግን ቤቱ የሚበላው ያልበሰለውን፣ በዘይት የተጠበሰውን ነው፤ እሱ ለብዙ ዓመታት በሆንዱራሳውያን ማድቤቶች ውስጥ ኖሮ፣ በአደባባይ ከጋምቦ ጎን የተቀመጠው እንደዚህች ባሉ መኪኖች መስኮት ነው።

ከሙዙ በፊት የነበረ ዝምድናም አለ። ጋምቦ የሚለው ስም የባሚያ የአፍሪካ ስም ነው፤ ባሚያውን ያመጡት በባርነት የተጋዙ ሰዎች ናቸው። በሆንዱራስ ሰሜናዊ ጠረፍ የኮኮናት ወተት ከዓሣና ከተቀጠቀጠ ሙዝ ጋር የሚያበስሉት ጋሪፉናዎች ደግሞ የአፍሪካውያንና ካሪብ የሚባሉት የደሴቶቹ ነባር ሕዝቦች ዝርያዎች ሲሆኑ፣ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1797 ከሴይንት ቪንሰንት ደሴት አግዘው ሮአታን ላይ የጣሏቸው ሕዝቦች ናቸው። ስለዚህ ኮኮናቱ ወደ ጋምቦው ሲገባ ባዳ ቤት የገባ አይመስለኝም።

አክስቴ ከአዲስ አበባ የመጡት በዐቢይ ጾም ነበር። የሚበላ ጠፍቶ እንዳይጨነቁ ስሰጋ፣ ባለመኪናዋ «ጾም» የሚለውን ሐሳብ ገና ሳልጨርሰው ገባት፤ የኒው ኦርሊንስ ካቶሊኮች በዚህ ወቅት ዓርብ ዓርብ ሥጋ ስለማይበሉ ለእሷ አዲስ ነገር አልነበረም። ሰኞ የሚሠራው የክሪዮሎች ቀይ ባቄላ የአሳማ ሥጋ እንዳለበት፣ ሽሪምፑም ለእኛ እንደማይሆን ተነጋገርንና፣ ባሌያዳውን ያለ አይብና ያለ ቅባት፣ አጠገቡም በቅጠላ ቅጠል ብቻ የተሠራ አረንጓዴ ጋምቦ ሰጠችን። ይህ አረንጓዴ ጋምቦ በከተማዋ የጸሎተ ሐሙስ ምግብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ያረፉት ስመ ጥር የክሪዮል ምግብ ባለሙያ ሊያ ቼዝ በየዓመቱ በዚያ ቀን ያቀርቡት ነበር፤ የእሳቸው ግን ሥጋም ነበረበት።

አክስቴ አንድ ማንኪያ ቀምሰው ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ቁሌቱን ማን አስተማራት?» አሉኝ። ክሪዮሎች ዱቄቱን በዘይት እያማሰሉ፣ ለአፍታም ከእጃቸው ሳይለዩት፣ የመዳብ መልክ እስኪይዝ እንደሚያቆዩት፣ ከዚያም ሽንኩርት፣ ሰለሪና ቃሪያ እንደሚጨምሩበት ነገርኳቸው። ለሦስቱ አትክልቶች የሰጡትን ስምም ሳላስበው አብሬ ተናገርኩ፦ ቅድስት ሥላሴ። አክስቴ ማንኪያውን አስቀምጠው አማተቡ። «በሽንኩርት ነው እንዴ ሥላሴን የሚጠሩት?» አሉና፣ ጥቂት ቆይተው ሳህኑን መልሰው ሳቡት። ጸሎተ ሐሙስ የሚበላ መሆኑን ስነግራቸው፣ «ታዲያ የእነሱ ጉልባን ነዋ» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ወዳጄ ውሃ ገዝቶ የተወውን መስኮት አክስቴ ያለ ምንም ጭንቀት መቅረባቸው ብዙ አሳስቦኛል። አገር ቤት ያለ ሰው ምግቡ እንዳይጠፋበት አይፈራም። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራና ከዚያም በፊት ያስለመደንን ፓስታ በበርበሬ ስጎ ሠርተን፣ ሲያሻን በእንጀራ ጠቅልለን ስንበላ ድብልቅ የሚል ስም የሰጠው የለም፤ ስጎ የሚለው ቃል የጣሊያንኛ መሆኑም የሚታወሰን እምብዛም ነው። በርበሬው ራሱ ከአሜሪካ ምድር፣ ከእነ ሆንዱራስ ሰፈር፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ተክል ነው። እኛ በስደት የምንኖረው ደግሞ ንጹሕ ነው ብለን የምንጠብቀውን እንጀራ አይዳሆ በተመረተ ጤፍ፣ ጤፉ ሲወደድም ከስንዴና ከገብስ ዱቄት ጋር ቀላቅለን ስንጋግር ኖረናል። ወዳጄም ቤት የሚበላው ይኸንኑ ነው፤ ባለቤቱ የምትጋግረውን ዱቄት እኔ ራሴ ነኝ ከሱቅ ያመላለስኩላት።

አክስቴ ከመሄዳቸው በፊት መኪናዋ ጋ ተመልሰው፣ እኔን አስተርጓሚ አድርገው፣ የሙዙን አጠባበስ ጠየቁ። ሙዙ ፈጽሞ እንዳልበሰለ፣ ልጣጩ በእጅ ስለማይላቀቅ በቢላ እንደሚላጥ፣ በርዝመቱ እንደሚቆረጥ ባለመኪናዋ በእጇ እያሳየች አስረዳቻቸው።

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። ከአርባ ምንጭ የሚመጣው ሙዝ አዲስ አበባ ሲደርስ አረንጓዴ ስለሆነ፣ ወደ ማብሰያ መጋዘን ሳይገባ ከነጋዴው ላይ ገዝተው ጠበሱት፤ ሚጥሚጣና ጥቅል ጎመን ነሰነሱበት። የጎረቤት ልጆች ስሙን ሲጠይቋቸው የሆንዱራሱ ቃል ስለጠፋባቸው «የአርባ ምንጭ ቺፕስ ነው» ማለታቸውን ነገሩኝ። «ግን ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄ ሙዝ ዘይት ሲጠጣ ለጉድ ነው፤ የዘይቱን ዋጋ እዚያ ሆና ታውቀዋለች እንዴ?»