«አትሂዱ» ከሚለው በታች ያለው አንቀጽ

መንግሥታት ለዜጎቻቸው የሚያወጡትን የጉዞ ማስጠንቀቂያ የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቁጥሩን ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አገራትን ከ1 እስከ 4 በደረጃ ትመድባለች። 4 ማለት በአጭሩ «አትሂዱ» ነው። ይሄን ያየ ሰው ወይ ደንግጦ ይተወዋል፣ ወይ «ሲያካብዱ ነው» ብሎ ትኬቱን ይቆርጣል።

ቁም ነገሩ ያለው ግን ከታች ነው። ደረጃ 4 ወደተሰጠው አገር ካልሄድኩ ያለ አሜሪካዊ ኑዛዜ እንዲጽፍ ይመከራል። ቢታገት በሕይወት መኖሩ የሚረጋገጥበትን ጥያቄና መልስ ከቤተሰቡ ጋር አስቀድሞ እንዲስማማ ይነገረዋል። ለሐኪሙ የዲኤንኤ ናሙና እንዲተውም ጭምር። ናሙናው ለምን እንደሚፈለግ መቼም ግልጽ ነው።

ከዚህም በላይ የሚታለፈው መንግሥት የማያደርገውን የሚናገረው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ካርቱም ስትታመስ የአሜሪካ ዲፕሎማቶች በሄሊኮፕተር ወጡ። ብዙ ተራ ዜጎች ግን እስከ ፖርት ሱዳን ያለውን ረጅም መንገድ በመኪና መያያዝ ነበረባቸው። መንግሥት ቢደርስለት እንኳ፣ በአሜሪካ ሕግ ተመላሹ በአብዛኛው የጉዞውን ወጪ ሊከፍል ይፈርማል። የሁለት አገር ዜግነት ያለው ደግሞ አንደኛው አገሩ ውስጥ ቢታሰር፣ የሌላው ኤምባሲ ሊጎበኘው ላይፈቀድለት ይችላል። ኢንሹራንሱም አለ። እንግሊዝ «አትጓዙ» ወዳለችበት ቦታ የሄደ እንግሊዛዊ የጉዞ ዋስትናው ውድቅ ሊሆንበት ይችላል። ኩባንያዎቹ ማስጠንቀቂያውን ከተጓዡ በተሻለ ያነቡታል፤ ገንዘብ ነዋ!

መረጃው ለሕዝብ እንዲህ መውጣቱ ራሱ በዋዛ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1988 ሄልሲንኪ ወደሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ አንድ ሰው ደውሎ፣ ከፍራንክፈርት ወደ አሜሪካ የሚበር ፓን አም የተባለ የአሜሪካ አየር መንገድ አውሮፕላን ሊፈነዳ ነው አለ። ማስጠንቀቂያው ሞስኮ ባለው ኤምባሲ ተለጠፈ። ሕዝቡ አልሰማም። በዚያው ወር የፓን አም በረራ 103 ስኮትላንድ ውስጥ ሎከርቢ በተባለች ከተማ ላይ ፈንድቶ 270 ሰው አለቀ። መርማሪዎች የስልክ ጥሪውና ፍንዳታው አይገናኙም ቢሉም ቁጣው አልበረደም። ለመንግሥት ሠራተኛ የተነገረ የአደጋ መረጃ ለሕዝብም ይነገር የሚለው ደንብ የጠነከረው ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግዲህ የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። «ልናወጣችሁ አንችልም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለምን ገጹ ሥር ይደበቃል? ከቁጥሩ ጎን፣ በዚያው ትልቅ ፊደል ይጻፍ። «ሲያካብዱ ነው» የሚለውም ሰው ቢያንስ ብቻውን እንደሚሄድ አውቆ ይሄዳል።