የልደት ቀን አይዋሽም

ሰሞኑን አንድ የጤና አማካሪ በቪዲዮ ቀርበው «የልደት ቀናችሁ ይዋሻል፤ ትክክለኛ ዕድሜያችሁን የሚያውቀው ደማችሁ ነው» ሲሉ ሰማሁ። አንድ ደንበኛቸው በሦስት ወር ውስጥ አምስት ዓመት ወጣት ሆኗልም አሉ። በጣም ተናደድኩ።

እስቲ ከልደት ቀኑ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ፌኖኤጅ የተባለው፣ የሰውነትን ዕድሜ ከደም ውጤት የሚገምት ስሌት፣ ከደም ዘጠኝ ነገሮችን ይወስዳል፤ አልቡሚን፣ ክሬያቲኒን፣ ስኳር፣ ሲአርፒ እያለ ይቀጥላል። አሥረኛውስ? የልደት ዕድሜ ነው! ይዋሻል የተባለው ቁጥር ራሱ ስሌቱ ውስጥ ተቀምጧል።

ከዘጠኙ ሲአርፒን ብቻ እንይ። ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር ከፍ ይላል። ጉንፋን ይዞህ ለምርመራ ደም ብትሰጥ ሊጨምር ይችላል፤ ሲሻልህ ይወርዳል። ታዲያ ሰኞ አርጅተህ በሁለተኛው ሳምንት ወጣት ሆንክ ማለት ነው? ጉንፋን ለቀቀህ እንጂ ዕድሜህ የት ሄደ! ዕድሜን ከዲኤንኤ የሚገምቱት፣ «ሰዓት» የሚባሉት ስሌቶችም ከዚህ አይሻሉም። ተመራማሪው ስቲቭ ሆርቫት በ2013 ያወጣው ሰዓት 353 የዲኤንኤ ቦታዎችን ያነባል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ግን በ2022 የወጣ ጥናት ያንኑ ናሙና ሁለት ጊዜ ሲለካ አንዳንዶቹ ሰዓቶች እስከ ዘጠኝ ዓመት እንደሚለያዩ አሳይቷል። አንድ ሰው፣ አንድ ደም፣ ሁለት ዕድሜ። «አምስት ዓመት ወጣት ሆነ» የተባለው ደንበኛ ለውጥም እንዲህ ያለ የመለኪያ ስህተት ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይናገሩ ገንዘብ መቀበል ዓይን ያወጣ ማጭበርበር ነው።

ሺህ ሰው ለሚያወዳድር ተመራማሪ ይጥቀም፤ አልከለክልም። እኔን የሚያሳስበኝ በጤና የምንኖርበት ዘመን ነው። ለሱ ርካሽ መለኪያ አለ። በ2015 በ17 አገሮች 140,000 ገደማ ሰዎች ላይ የወጣ ጥናት የእጅ ጭብጥ ጉልበት ከላይኛው የደም ግፊት ቁጥር በተሻለ ሞትን እንደሚያመለክት አግኝቷል። መያዣውን ጨብጠህ ትጨምቃለህ፣ መርፌው ይንቀሳቀሳል፣ አለቀ።

አንድ ወዳጄ የእንዲህ ዓይነት የዕድሜ ምርመራ ውጤቱን በስልኩ አሳየኝ። እሱ 51 ዓመቱ ነው። ከላይ በትልቁ «44» ይላል። ወደ ታች ሳወርደው የጾም ስኳሩ 118 ነው። ከ100 እስከ 125 ያለው እኮ የቅድመ ስኳር በሽታ ክልል ነው! ያችን መስመር አላያትም። ሐኪም ጋ ሂድ ብዬ ለመንኩት።

«ሰባት ዓመት ወጣት ነኝ እኮ» አለኝ።