የሠራዊት እጀታ ያለው ሰይፍ ሁሉ የፋብሪካ አይደለም

ስለ ድሮ የጃፓን የጦር ሰይፍ ሲወራ አንድ አባባል ደጋግሞ ይመጣል፦ «እጀታውና አፎቱ የሠራዊት ከሆነ ብረቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በማሽን የተሠራ ነው፤ ዋጋ የለውም።» ይቅርታ፣ ይህ ግማሽ እውነት ነው።

በፈረንጆች 1935 ለበታች ሹማምንት የወጣው ሰይፍ በርግጥም የፋብሪካ ነው። ተከታታይ ቁጥሩ እዚያው ብረቱ ላይ ተመትቶ ይታያል። የመኮንኖቹ ግን ሌላ ነው። መኮንን ሰይፉን የሚገዛው በራሱ ገንዘብ ነበር። ቤተሰቡ ከቅድመ አያት ያቆየው ካለ ደግሞ ያንኑ በ1934 ደንብ የሠራዊት እጀታና አፎት ያስገጥምለታል። እና ልብሱ የ1930ዎቹ ሆኖ ውስጡ ከ400 ዓመት በላይ ሊሆን ይችላል።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። እጀታው ላይ ትንሽ የቀርከሃ ችንካር አለች። እሷን ቀስ አድርጎ ገፍቶ ማውጣት፣ ከዚያ እጀታውን መሳብ ነው። (ስለቱን ከራስዎ አርቀው!) እጀታው ውስጥ የነበረው የብረቱ ጭራ ብዙ ይናገራል፦ ጠቆር ያለ ለስላሳ ዝገት፣ የሞረድ መስመሮች፣ አንዳንዴም ከአንድ በላይ የችንካር ቀዳዳ። ሁለት ሦስት ቀዳዳ ካለ ሰይፉ እጀታ ቀያይሮ ሊሆን ይችላል። የሠሪው ፊርማ ካለም ጥሩ፤ ግን እሱ ብቻውን አያሳምንም፣ የውሸት ፊርማ ሞልቷል።

«ሰይፍህ ዋጋ የለውም» የተባለ ሰው ጭራውን በሽቦ ፈትጎ ያብለጨልጨዋል። ያ ዝገት ግን ዕድሜው የሚነበብበት ነው። አንዴ ከተፈተገ አይመለስም።