ዘካ የሚታሰበው ከገቢ ሳይሆን ከሀብት ነው
ስለ ዘካ፣ ማለትም በእስልምና ግዴታ ስለሆነው ምጽዋት፣ «ሙስሊም ከገቢው 2.5 በመቶ ዘካ ያወጣል» የሚለው አባባል መታረም አለበት። በአብዛኞቹ ዑለማ (የእስልምና ሊቃውንት) ዘንድ ይህ 2.5 በመቶ ዘካ የሚወጣው ኒሷብ (ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ዝቅተኛ መጠን) ሞልቶ አንድ የጨረቃ ዓመት ከቆየ ሀብት ነው። ኒሷቡ በወርቅ 85 ግራም፣ በብር (ማዕድኑን ማለቴ ነው) 595 ግራም ገደማ ነው። ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ በዕለቱ ዋጋ ተምኖ ከጥሬ ገንዘቡ ጋር ይደምራል፤ መደርደሪያውና ሚዛኑ አይቆጠሩም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በቀኑ ነው። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ ስለሆነ ከመስከረም እስከ መስከረም የሚቆጥር ሰው በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይዘገያል። በ33 ዓመት የአንድ ሙሉ ዓመት ዘካ ሳያወጣ ይቀራል ማለት ነው! በሂጅራ፣ ማለትም በእስልምና የጨረቃ አቆጣጠር፣ ቀን መያዝ፣ ለምሳሌ ረመዳን 1ን፣ ይህን ያስቀራል።

እህል ዓመት አይጠበቅለትም፤ በአጨዳው ጊዜ፣ በዝናብ የበቀለ ከሆነ አንድ አስረኛ፣ በመስኖ ከሆነ የዚያ ግማሽ ይወጣለታል። ለግጦሽ ከተሰማሩ 40 በጎች አንድ በግ፣ ከ30 ከብት ደግሞ አንድ ዓመት የሞላው ጥጃ ይወጣል። ተቀባዮቹ በቁርኣን 9፥60 የተዘረዘሩት ስምንት ወገኖች ናቸው። ወላጅንና ልጅን መቀለብ ራሱን የቻለ ግዴታ ስለሆነ ለነሱ የዋለው ቀለብ ከዘካ አይታሰብም።