ሎን ቼኒን የሠራው ሜካፕ አይደለም

ሎን ቼኒ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ሜካፑ ነው። «ባለ ሺህ ፊቱ ሰው» ይሉታል። ድምፅ አልባው ሲኒማ ካፈራቸው የገጸ ባህሪ ተዋንያን መካከል ስሙ እስከ ዛሬ የሚጠራ ነው፤ ይገባዋልም። ግን ትልቅ ያደረገው የሜካፕ ሳጥኑ ነው የሚለውን አልቀበልም። ሙያውን የተማረው ቤቱ ነው።

ቼኒ እ.ኤ.አ. በ1883 በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ተወለደ። እናቱም አባቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ። አባቱ ፀጉር አስተካካይ ነው። እናቱ በቁርጥማት ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ ያስታምማቸው ጀመር። የሰፈሩን ወሬ ይዞላቸው ይገባል። ማን መጣ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ሁሉንም በእጁ፣ በትከሻው፣ በቅንድቡ ያሳያቸዋል። ተዋናይ የሆነው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። ይሄ ያናድደኛል። በዚያ ቤት የጎደለ ቋንቋ አልነበረም፤ የምልክት ቋንቋ ነበር። የእናቱ አባት እኮ በ1874 የኮሎራዶን መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የመሠረቱ ሰው ናቸው።

በ1923 ቼኒ የኖትርዳሙን ደወል ደዋይ ካዚሞዶን ተጫወተ። ካዚሞዶ ጎባጣ ብቻ ሳይሆን መስማት የተሳነው ሰው ነው። ሁሉም የሚያወራው ግን ስለ ጉብታው ነው!

ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የኦፔራ ቤቱ ፋንተም ፊልምም እንደዚያው ነው። ቼኒ ኦፔራ ቤት ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ጭምብል ለባሽ ሆኖ ኦርጋን እየተጫወተ ነው። የሚያፈቅራት ዘፋኝ ከኋላው ቀስ ብላ ትጠጋና ጭምብሉን ትገፈዋለች። ፊቱን ከእሷ በፊት የምናየው እኛ ነን። የራስ ቅል ይመስላል፤ ያስደነግጣል። ከዚያ ግን ዞሮ ጣቱን ይቀስርባታል። ያን ጊዜ እጁን እዩት። ቁጣው፣ ውርደቱ፣ ልመናው ሁሉ እዚያ አለ። ያን በሜካፕ መሥራት አይቻልም።

ከ1927 ወዲህ ድምፅ ያለው ፊልም ገበያውን ወረሰው። በየትዕይንቱ መሃል ይገባ የነበረው ጽሑፍም ቀረ። ከሌላው እኩል ሲኒማ ይገቡ የነበሩ መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ያለ ፊልም ቀሩ። ይህ ግፍ የሲኒማ ታሪክ ሲጻፍ በቅጡ አይነሳም። ቼኒ ራሱ ለድምፅ ፊልም ቶሎ እጅ አልሰጠም። የሠራው አንድ ብቻ ነው፤ እዚያም ድምፁን እየለዋወጠ ተጫወተ። ፊልሙ በወጣበት በ1930፣ ነሐሴ ወር ላይ፣ በ47 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ሞተ።

ስለዚህ ትወና የምታስተምሩ ሰዎች፣ ስለ ቼኒ ስታነሱ የሜካፕ ፎቶዎቹን አሳይታችሁ አታብቁ። የምልክት ቋንቋ ተናጋሪ ክፍል ውስጥ ጋብዙ። ከተማሪዎቻችሁ ጋር ያን የጭምብል ትዕይንት ይይና ቼኒ በእጁ ምን እንዳለ እሱ ይንገራቸው።